የኢንተርኔት የአድራሻ ርስት

አውታረ መረብ በማስተምርበት ክፍል ተማሪዎች አንድን አውታር ወደ ንዑሳን አውታሮች መከፋፈልን በሒሳብነቱ ይለማመዱታል። 256 አድራሻ ያለውን በአራት ይከፍሉታል፤ ለእያንዳንዱ 64 ይደርሰዋል፤ የመጀመሪያው ለአውታሩ መጠሪያ፣ የመጨረሻው ለሁሉም ለሚደርስ መልእክት ስለሚያዝ ለማሽኖች የሚቀረው 62 ነው። ይህ ሁሉ ቁጠባ ለምን እንዳስፈለገ የሚጠይቅ ተማሪ ግን ብዙ ጊዜ አይገጥመኝም። መልሱ ያለው በሒሳቡ ሳይሆን በታሪኩ ውስጥ ነው፤ በእኔ አስተያየት ታሪኩ ፖለቲካም አለበት።

የአይ.ፒ. አድራሻ 32 ቢት ርዝመት ያለው ቁጥር ነው። ፊተኛው ክፍል አውታሩን፣ ኋለኛው በአውታሩ ውስጥ ያለውን ማሽን ይጠቁማል፤ እንደ ቀበሌና እንደ ቤት ቁጥር ማለት ነው። ክርክሩ ሁሉ ድንበሩ የት ላይ ይሰመር የሚል ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 ቪንት ሰርፍ ረዘም ያሉ አማራጮችን ትቶ 32 ቢትን ሲመርጥ፣ ጉዳዩ የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ሙከራ ነበር። 4.3 ቢሊዮን ገደማ አድራሻ ለሙከራ ያንሳል ብሎ ማን ያስባል? ሙከራው ግን፣ ሰርፍ ራሱ ኋላ እንደተናገረው፣ ሳያበቃ ቀረ።

በ1981 አድራሻዎቹ በመደብ ተከፈሉ። (መደብ የሚለው ቃል ለወላጆቻችን ትውልድ ሌላ ትዝታ እንደሚቀሰቅስ አውቃለሁ።) የኤ መደብ ባለቤት 16,777,216 አድራሻ፣ የቢ 65,536፣ የሲ ደግሞ 256 ያገኛል። መካከለኛ የለም። 500 ማሽን ያለው ድርጅት ሲ ስለሚያንሰው ቢ ይወስዳል፤ ከ65 ሺህ የሚበልጠው አድራሻ ጦሙን ያድራል። የቢ መደብ ይዞታዎች ደግሞ በጠቅላላው 16,384 ብቻ ነበሩ። የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋምና የፎርድ መኪና ኩባንያ እያንዳንዳቸው ሙሉ የኤ ይዞታ ነበራቸው።

በ1985 ንዑስ አውታር በደንብ ተደነገገ፤ ይህ ግን ባለይዞታው በራሱ አጥር ውስጥ የሚያደርገው ሽንሸና ነው። ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1993 ነው። መደቦቹ ቀሩ፤ ድንበሩም በየትኛውም ቢት ላይ ሊሰመር ቻለ። ከዚያ ወዲያ 500 ማሽን ላለው 512 አድራሻ መስጠት ተቻለ።

ሆኖም ይህ ማሻሻያ የነካው ገና ያልተሰጠውን ብቻ ነው። የእኛ የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ፣ ጥፋትና ልማቱ እንዳለ ሆኖ፣ የነበረውን ይዞታ ነክቷል፤ የኢንተርኔቱ ግን የቀደሙትን ርስት እንዳለ ተወው። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2000 የኤ ይዞታውን በፈቃዱ መመለሱ ሊመሰገን ይገባል፤ አርአያነቱን የተከተሉት ግን ጥቂቶች ናቸው።

አፍሪካ የራሷ የአድራሻ መዝገብ ቤት፣ አፍሪኒክ፣ እውቅና ያገኘላት በ2005 ነው። እ.ኤ.አ. የካቲት 3 ቀን 2011 በማያሚ የመጨረሻዎቹ አምስት ይዞታዎች ለአምስቱ ክፍላተ ዓለም መዝገቦች አንድ አንድ ሲታደሉ፣ ከዚህ ቀደም ከተሰጣት በተጨማሪ ለአፍሪካ የደረሳት 16,777,216 ነበር። ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሕዝብ ላለው አህጉር የደረሰው የመጨረሻ ድርሻ፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለብቻው ይዞት ከነበረው ጋር እኩል መሆኑ ነው።

ባለ 128 ቢቱ አዲስ አድራሻ እጥረቱን በመርሕ ደረጃ ፈትቶታል፤ አሮጌው ግን አሁንም በገንዘብ ይሸጣል፣ ይለወጣል። የማሳቹሴትሱ ተቋም በ2017 ከይዞታው 14 ሚሊዮን የሚሆነው አንድም ቀን አገልግሎት ላይ እንዳልዋለ ገልጾ፣ ቢያንስ ስምንት ሚሊዮኑን ለገበያ አቀረበ።