ሴንት ቶማስና እንደራሴዎቿ

በዚህ ዓመት በታሪክ ክፍለ ጊዜ ስለ ሕዝብ እንደራሴነት ስንማር ከመካከላችን አንዱ ጥያቄ አነሣ። ይኸውም የሕዝብ እንደራሴ የሚባለው ሰው የሚናገረው ድምፅ ለሰጡት ሰዎች ብቻ ነውን? ወይስ ድምፅ እንዲሰጡ ላልተፈቀደላቸው ጎረቤቶቻቸውም ጭምር ነው? የሚል ነበር። ክርክሩ ደወል እስኪደወል ድረስ አላለቀም። መምህራችንም መልሱን በመናገር ፈንታ የአንዲትን የገጠር ምርጫ ወረዳ ታሪክ አንብበን እንድንመጣ አዘዙን። ወረዳይቱ ያለችው በካሪብያን ባሕር፥ በጃማይካ ደሴት ነው፤ ስሟም ሴንት ቶማስ ይባላል። ጃማይካ ስትነሣ ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ዘፈኗና ሻሸመኔ የሰፈሩት ልጆቿ ናቸው። ስለዚህ እኛም ከዚያ አልፈን ያገኘነውን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ለማካፈል ወደድን። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ጃማይካ የተከፋፈለችው ፓሪሽ በሚባሉ ክፍሎች ሲሆን፥ ፓሪሽ በእኛ ዘንድ አውራጃ እንደምንለው ያለ ነው። ሴንት ቶማስ በደሴቲቱ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ትገኛለች። በስተሰሜኗ 2,256 ሜትር ከፍታ ያለው የብሉ ማውንቴን ተራራ ይታያል፤ በስተምሥራቅ የፕላንቴን ጋርደን ወንዝ የሚያጠጣው ለም ሜዳ አለ፤ ዋና ከተማዋ ሞራንት ቤይ ደግሞ በባሕር ዳር ናት። ሜዳውን ለብዙ ዘመን የያዙት የሸንኮራ አገዳ እርሻ ባለቤቶች ነበሩ። ባሮች ሙሉ ነጻነት ካገኙበት ከ1838 ዓ.ም. በኋላ ነጻ የወጣው ሕዝብ ወደ ኮረብታው ወጥቶ ትንንሽ መሬት እየገዛና እየተከራየ መንደር መሠረተ። ሜዳው የባለርስቶች፥ ኮረብታው የገበሬዎች ሆነ ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የምንነግራችሁ ሁሉ የመጣው ከዚህ አከፋፈል ነው።

ጃማይካ ከ1664 ጀምሮ የራሷ ምክር ቤት ነበራት። ከየፓሪሹ የተመረጡ 47 አባሎች ይቀመጡበት ነበር። ይሁን እንጂ መራጭ ለመሆን መሬት ወይም የተወሰነ ገቢ ያስፈልግ ነበር፤ ከ1859 ወዲህ ደግሞ ለመመዝገብ ብቻ 10 ሺሊንግ መክፈል ግድ ሆነ። በዚያን ጊዜ በእርሻ ለሚውል የቀን ሠራተኛ ይህ የብዙ ቀን ደመወዝ ነው። ስለዚህ ከ400,000 በላይ በሆነው ሕዝብ ውስጥ ለመምረጥ የበቁት ሁለት ሺህ እንኳ አይሞሉም ነበር። ሴቶችማ ጭራሽ አይቈጠሩም።

በ1863 በዚያን ጊዜ ምሥራቅ ሴንት ቶማስ ትባል ለነበረችው ፓሪሽ ጆርጅ ዊልያም ጎርደን የሚባል ሰው ተመረጠ። አባቱ ስኮትላንዳዊ ባለ እርሻ፥ እናቱ ባሪያ ነበረች። ሀብታም ነጋዴ ነበር፤ ሰፊ መሬት ነበረው፤ ቀደም ሲል በ1844 ከሌላ ፓሪሽ ተመርጦ ምክር ቤት ገብቶ ያውቃል። በገንዘቡና በትምህርቱ ከባለርስቶቹ ጋር ተቀምጦ መብላት ይችል ነበር። እርሱ ግን ከገበሬዎቹ ጋር በጥቁሮች የባፕቲስት ጸሎት ቤት መቀመጥን መረጠ። ለዚህ ምርጫ መራጮችን በማሰባሰብ ከረዱት ሰዎች አንዱ ስቶኒ ገት የሚባለው የኮረብታ መንደር ገበሬና የጸሎት ቤት ዲያቆን ፖል ቦግል ነው። ቦግል ለመምረጥ ከበቁት ጥቂት ገበሬዎች አንዱ ነበርና ገንዘብ ያልነበራቸው ጎረቤቶቹ በእርሱ አማካይነት ወደ ጎርደን ይደርሱ ነበር።

ጎርደን ገና ሳይመረጥ፥ በ1862፥ አጥቢያ ዳኛ ሳለ አንድ የታመመ ድኻ በሞራንት ቤይ እስር ቤት መጸዳጃ ውስጥ ተጥሎ አግኝቶ አቤት አለ። በሽተኛው ሞተ። አገረ ገዥው ኤድዋርድ ኤር ጉዳዩን ከመረመረ በኋላ ከሥልጣኑ የሻረው አቤት ያለውን ዳኛ ሆነ! እኛ ይህን ስናነብ በገረመን መጠን በዚያ ዘመን የገረመው ሰው ብዙ አልነበረም መሰለን። ከዚያም ጎርደን ግብሩን፥ መንገዱንና ድኾችን ለሚያስተዳድረው የፓሪሹ ጉባኤ ሕዝቡ ቢመርጠው፥ የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን አባል አይደለህም ተብሎ ተባረረ። ያባረሩት የፓሪሹ የበላይ ሹም ባሮን ፎን ኬተልሆት ነበሩ። ጎርደን ከሰሳቸው፤ ተረታ። እንግዲህ በሞራንት ቤይ ያለው ጉባኤና ፍርድ ቤት በባለርስቶች እጅ ነበር፤ ዳኞቹም አሠሪዎቹ ነበሩ፤ ደመወዙ ተቀነሰብኝ ብሎ የሚከስ ሠራተኛ የሚቆመው በጌታው ወይም በጌታው ወዳጅ ፊት ነው።

በ1865 ድርቅ ሆነ፤ የምግብና የልብስ ዋጋ ወጣ። በነሐሴ ግድም ቦግልና ጥቂት ገበሬዎች በደላቸውን ለአገረ ገዥው ለማሰማት እስከ ስፓኒሽ ታውን ድረስ 45 ማይል ያህል በእግራቸው ሄዱ። አገረ ገዥው አላስገቧቸውም። ያን ያህል መንገድ በእግር ሄዶ በር ተዘግቶበት የተመለሰ ሰው በቤቱ ምን እንደሚያወራ መገመት አያስቸግርም።

ኦክቶበር 7 ቀን በሞራንት ቤይ በተደረገ ችሎት ግርግር ተነሥቶ ቦግልና ባልንጀሮቹ እንዲያዙ ትእዛዝ ወጣ። ሊይዟቸው የሄዱት ፖሊሶች ስቶኒ ገት ላይ ተመለሱ። ኦክቶበር 11 ቀን ቦግል ብዙ መቶ ወንዶችና ሴቶች አስከትሎ ጉባኤው ወደ ተሰበሰበበት ፍርድ ቤት ወረደ። ሕዝቡ ዱላና ገጀራ ይዟል። ባሮኑ የመበተኛውን ሕግ ሲያነቡ ድንጋይ ተወረወረ፤ የወዶ ዘማች ጭፍራው ተኰሰ፤ 7 ሰዎች ወደቁ። ከዚህ በኋላ ሕዝቡ ፍርድ ቤቱን አቃጠለ። ባሮኑን ጨምሮ 18 ሹማምንትና ጭፍሮች ተገደሉ። ይህን መሸፋፈን አይገባንም፤ ከሞቱት ውስጥ ሸሽቶ ሊያመልጥ ሲል የተገደለ አለበት።

የመንግሥቱ ብቀላ ግን ከልክ ያለፈ ነበር። ከኪንግስተን ከተማ በቀር በአውራጃው ሁሉ የጦር ሕግ ታወጀ። በኋላ ከእንግሊዝ አገር የተላከው መርማሪ ጉባኤ እንደ ቈጠረው 439 ሰዎች ተገደሉ፤ ከ600 በላይ ተገረፉ፤ 1,000 ቤት ተቃጠለ። ከተገደሉትም ውስጥ ሴቶች ነበሩ። ቦግልን ማሩን የሚባሉት የጥንት አምላጭ ባሮች ልጆች፥ ከእንግሊዞች ጋር ባላቸው የቈየ ውል መሠረት፥ ይዘው አስረከቡት፤ ኦክቶበር 24 ቀን ተሰቀለ።

እኛ ብዙ ጊዜ ያከራከረን የጎርደን ነገር ነው። ግርግሩ በሆነበት ቀን እርሱ በሞራንት ቤይ አልነበረም። በኪንግስተን ነበር፤ ኪንግስተን ደግሞ የጦር ሕግ የማይሠራባት ከተማ ናት። እንደሚፈለግ ሲሰማ ራሱ ሄዶ እጁን ሰጠ። በከተማይቱ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ማስረጃው እንደማይበቃ የታወቀ ነበርና አገረ ገዥው በመርከብ አሳፍረው የጦር ሕግ ወዳለበት ወደ ሞራንት ቤይ ወሰዱት። ኦክቶበር 21 ቀን ሦስት ወጣት መኰንኖች፥ ሁለቱ የባሕር ኀይል አንዱ የእግረኛ፥ ፈረዱበት። ሕግ ያጠና ሰው ከመካከላቸው አልነበረም። የቀረበበትም ማስረጃ የሰው ወሬና ሕዝቡን አነሣሣህ የሚል ነበር። ኦክቶበር 23 ቀን፥ ለባለቤቱ ደብዳቤ እንዲጽፍ ጥቂት ጊዜ ተሰጥቶት፥ በተቃጠለው ፍርድ ቤት ላይ ተሰቀለ። የምክር ቤት አባል በወከለው ወረዳ፥ ከወከለው ሕዝብ ጋር በአንድ ስፍራ ሞተ። አንዳንዶቻችን «አመጹን ባያዝም አውቆታል» ስንል፥ ሌሎቻችን «የሕዝብን በደል በአደባባይ መናገር ወንጀል ከሆነ እንደራሴ ለምን ይመረጣል?» አልን። ማስረጃውን ደጋግመን ባነበብነው መጠን ወደ ሁለተኞቹ ያዘነበልን በዛን።

ነገሩ በእንግሊዝ አገርም ታላቅ ክርክር አስነሣ። ፈላስፋው ጆን ስቱዋርት ሚል ኤር ይከሰሱ ብሎ ተነሣ፤ ደራሲው ቶማስ ካርላይል ተከላከለላቸው። ኤር ከሹመታቸው ተነሡ እንጂ አልተፈረደባቸውም።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውለውን እንናገር። በዚያው ዓመት መጨረሻ የጃማይካ ምክር ቤት በራሱ ድምፅ ራሱን ሻረ። ከ200 ዓመት በላይ የቈየ ምክር ቤት! ባለርስቶቹ ጥቁሮቹ ቀስ በቀስ ተመዝግበው አንድ ቀን ወንበሩን ይይዙታል ብለው ስለ ፈሩ፥ ከእነርሱ ጋር ከመካፈል ሁሉንም ለንግሥቲቱ መስጠት መረጡ። ከ1866 ጀምሮ አገሪቱ ያለ አንድ ተመራጭ በአገረ ገዥ ተዳደረች። እውነቱን ለመናገር ከኤር በኋላ የተሾሙት ሰር ጆን ፒተር ግራንት ከተሻረው ምክር ቤት የተሻለ ሠሩ፤ ደመወዝተኛ ዳኞች አቆሙ፤ ድኻው ለማይጸልይበት ቤተ ክርስቲያን ግብር መክፈሉን አስቀሩ። ነገር ግን መልካም አገረ ገዥ ሲሄድ የሚመጣውን የሚመርጥ ሕዝብ አልነበረም። በ1867 ፓሪሾቹ ከ22 ወደ 14 ሲቀነሱ ሴንት ዴቪድ የምትባለው ጎረቤቷ ተጨምራባት የዛሬይቱ ሴንት ቶማስ ሆነች። በ1884 ዘጠኝ ተመራጮች ብቻ ለአገሪቱ ተፈቀዱ፤ ያውም ግብር ለሚከፍሉ መራጮች።

በነዚያ ዝምታ ዓመታት ወረዳይቱ ሌላ ዐይነት ተናጋሪ አገኘች፤ እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ እኛ አገር ይጠጋል። በ1933 ሊዮናርድ ሃወል የሚባል ሰው በሴንት ቶማስ መንደሮች እየዞረ የጥቁር ሕዝብ ንጉሥ በኢትዮጵያ የነገሡት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው እያለ ይሰብክ፥ የንጉሠ ነገሥቱንም ፎቶግራፍ ይሸጥ ጀመር። በማርች 1934 በሞራንት ቤይ ፍርድ ቤት ሕዝብን በማነሣሣት ተከሶ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። ጎርደን በተሰቀለበት ስፍራ እንደ ገና በተሠራው ፍርድ ቤት መሆኑ ነው። ስብከቱን አንባቢ ይቀበል አይቀበል የእኛ ጉዳይ አይደለም። የሚያስደንቀን በአገሩ ጉባኤ ወንበር የተነፈገ ገበሬ እንደራሴውን ባሕር ተሻግሮ መፈለጉ ነው። በ1938 መጀመሪያ ደግሞ በዚችው ፓሪሽ በሰርጅ አይላንድ የስኳር እርሻ የደመወዝ አድማ ተነሣ፤ በዚያ ዓመት አገሪቱን ሁሉ ያናወጠው የሠራተኞች እንቅስቃሴ ካስጀመሩት አንዱ ይኸው ነው።

በዲሴምበር 1944 ሀብትም ሆነ ፆታ ሳይጠየቅ ለዐቅመ አዳምና ሔዋን የደረሰ ሁሉ መረጠ። ሴንት ቶማስ በምሥራቅና በምዕራብ ሁለት ወረዳ ሆነች። ምሥራቁን የያዘው አይዛክ ባራንት ነው፤ ከሠራተኛው ወገን የወጣ፥ ብዙ ትምህርት ያልቀመሰ ሰው ሲሆን፥ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የእርሻ ሚኒስትር እስከ መሆን ደረሰ። ዛሬ በፓሪሹ ያለ ሐኪም ቤት በስሙ ይጠራል። የጎርደን መራጮች በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ፤ የባራንት መራጮች ግን አገዳ ቈራጮችና ሙዝ ተሸካሚዎች ናቸው። ከ1980 እስከ 1989 ምሥራቁን የወከለው የሠራተኛ ማኅበር መሪው ፐርኔል ቻርልስ፥ በ1976 በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታስሮ የነበረ ሰው ነው። የጥርስ ሐኪሙ ፌንተን ፈርጉሰን ከ1993 ጀምሮ 27 ዓመት ተቀምጦ በ2020 በቻርልስ ልጅ በሚሼል ቻርልስ ተሸነፈ። ልጅ የአባትን ወንበር ስትወርስ ማየት አንዳንዶቻችንን ደስ አላሰኘም፤ የሰጣት ግን አባትዋ ሳይሆን መራጩ ነው።

ወንበሩ ተመለሰ ማለት ኑሮው ተስተካከለ ማለት አልሆነም። የጎማ ፋብሪካው በ1997፥ የጎልደን ግሮቭ ስኳር ፋብሪካ በ2019 ተዘጉ። ሕዝቡም ለብዙ ዘመን ፓሪሻችን የተረሳችው በ1865 ስላመጸች ነው ሲል ኖረ። ይህን ማረጋገጥ አይቻልም፤ የስኳር ዋጋና ዐውሎ ነፋስም የየድርሻቸውን ወስደዋል። ቢሆንም አባቶቹ በመቶ የተገደሉበት ሕዝብ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። በ1965 ከፍርድ ቤቱ በስተጀርባ ሲቈፈር የ79 ሰዎች ዐፅም ተገኝቷል።

የጃማይካ ፓርላማ ከ1960 ጀምሮ በኪንግስተን የሚሰበሰብበት ሕንጻ ጎርደን ሐውስ ይባላል፤ የተሰየመውም በዚያ በተሰቀለው እንደራሴ ስም ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1966 ጃማይካን በጐበኙ ጊዜ ለፓርላማው ንግግር አድርገዋል። በ1969 ጎርደንና ቦግል ብሔራዊ ጀግኖች ተባሉ። በሕጉ መዝገብ ላይ ግን ሁለቱም ገና ወንጀለኞች ነበሩ። ያን ጥፋተኝነት የሚያነሣላቸው ሕግ የወጣው በ2018፥ በተሰቀሉ በ153ኛው ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ የሴንት ቶማስ እንደራሴዎች የምሥራቁ ፌንተን ፈርጉሰንና የምዕራቡ ጄምስ ሮበርትሰን ነበሩ፤ አንዱ በተቃዋሚው፥ ሌላው በገዥው ወገን፥ በጎርደን ቤት ፊት ለፊት ይቀመጡ ነበር።