ጋዜጣው ሄደ፣ ስሙ ቀረ፦ የታይምስ ስኩዌር አሰያየም

ከባሕር ማዶ ኒው ዮርክ የገባ እንግዳ ታይምስ ስኩዌርን ሳይረግጥ መመለስ አይሆንለትም። ብሮድዌይና ሰባተኛው ጎዳና በሰያፍ የሚቆራረጡበት ይህ ስፍራ ቀንም ሌትም ሰው አይለየውም። እንግዳው አንጋጦ ግዙፎቹን የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ያያል፣ ፎቶ ይነሣል፣ መንገዱን ይቀጥላል። የስፍራው ስም ከማን እንደመጣ ማወቅ ግን ጉብኝቱን እጅግ ያዳብረዋል።

እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ ስፍራው የሚጠራው ሎንግኤከር ስኩዌር ተብሎ ነበር። ይህም ስም የተውሶ ነው። ለንደን ውስጥ ሎንግ ኤከር የሚባለው መንገድ የሠረገላ ሠሪዎች መናኸሪያ ነበር፤ የኒው ዮርክ ሠረገላ ሠሪዎችና ፈረስ ነጋዴዎችም የተሰባሰቡት እዚህ ስለነበር የለንደኑ ስም ተሰጠው። ባለጸጋው ዊልያም ቫንደርቢልት ያቋቋመው የፈረስ መገበያያም የሚገኘው በዚሁ አካባቢ ነበር።

ስሙን ያስለወጠው የጋዜጦች ፉክክር ነው። አዶልፍ ኦክስ እ.ኤ.አ. በ1896 ኒው ዮርክ ታይምስን ሲገዛ ጋዜጣው ሊወድቅ ተቃርቦ ነበር። የከተማዋ ታላላቅ ጋዜጦች ያን ጊዜ በማዘጋጃ ቤቱ አጠገብ ተጠጋግተው ይሠሩ ነበር። ተፎካካሪው ኒው ዮርክ ሄራልድ ከዚያ ወጥቶ በብሮድዌይ ላይ አዲስ ሕንፃ ሲሠራ፣ ፊት ለፊቱ ያለው አደባባይ በስሙ ሄራልድ ስኩዌር ተባለ። ኦክስ ደግሞ ወደ ሰሜን አልፎ፣ በ42ኛው መንገድ ላይ ባለች ጠባብ ሦስት ማዕዘን መሬት ባለ 25 ፎቅ ሕንፃ አቆመ። ከሥሩ የምድር ባቡር እየተሠራ ነበር። የባቡር ኩባንያው ኃላፊ ኦገስት ቤልሞንት ስፍራው በጋዜጣው ስም እንዲጠራ ደገፈ፤ ከንቲባው ጆርጅ ማክሌላንም ኤፕሪል 8 ቀን 1904 ስያሜውን አጸደቁት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር 27 ባቡሩ ሥራ ሲጀምር አዲሱ ስም የጣቢያ ስም ሆነ፤ ተሳፋሪውም በየቀኑ ይጠራው ጀመር።

ዓመቱ ሲያልቅ ኦክስ ሕንፃውን ለማስመረቅ ርችት አስተኮሰና ሕዝቡን ጠራ። በኋላ ከተማው ርችቱን ስለከለከለ፣ በ1907 መጨረሻ ከእንጨትና ከብረት የተሠራች፣ 100 አምፖሎች ያሏት ኳስ ከሕንፃው አናት ስትወርድ አዲሱ ዓመት ተበሰረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የመብራት ገደብ ሳቢያ ከቀረባቸው ከ1942 እና ከ1943 በቀር፣ ኳሷ በየዓመቱ ስትወርድ ኖራለች።

ጋዜጣው ግን ብዙ አልቆየም። ሕንፃው ስለጠበበው በ1913 ወደ 43ኛው መንገድ ተዛወረ፤ በ1961 ሸጠው፤ በ2007 ደግሞ ወደ ስምንተኛው ጎዳና አመራ። ሄራልድም በ1924 ከሌላ ጋዜጣ ጋር ተዋሕዶ ለብቻው መታተሙ ቀረ፤ ሄራልድ ስኩዌር ግን ዛሬም ሄራልድ ስኩዌር ነው። አዲስ አበቤ ይህን ለማመን አይቸገርም፤ ፎቅ በፎቅ የሆነው ሰንጋ ተራ ዛሬም ሰንጋ ተራ ነው።

እንግዲህ ለሚሄድ ሰው አንድ ምክር አለኝ። በ47ኛው መንገድ ካሉት ቀይ ደረጃዎች ላይ ወጥተህ ወደ ደቡብ ተመልከት። በማስታወቂያ የተሸፈነው ያ ቀጭን ሕንፃ የስሙ ምንጭ ነው። ስሙ በባለሀብት ፍላጎትና በከንቲባ ፊርማ ይሰጥ እንጂ፣ ከመቶ ዓመት በላይ ያቆየው እዚያ የሚቀጣጠረው፣ የሚሠራውና ዘመን ሲለወጥ በብርድ ቆሞ የሚጠብቀው ሕዝብ ነው። ስለዚህ ታይምስ ስኩዌር የጋዜጣው መሆኑ ካበቃ ቆየ፤ ባለቤቶቹ ስሙን የሚጠሩት ሁሉ ናቸው፤ ከሩቅ አገር የሚመጣውም እንግዳ ከእነርሱ አንዱ ነው።