የቀለም ጠባይ መግለጫ፦ ስክሪንና ወረቀት የሚግባቡበት ፋይል

በፍኖተ ሰላምም ሆነ በቡሬ የሰርግና የምርቃት ፎቶ በኮምፒውተር አስተካክሎ በፕሪንተር የሚያትም ባለሙያ ይህን ችግር ያውቀዋል። በስክሪን ጠይም የነበረው የሙሽራ ፊት በወረቀት ላይ ይቀላል፣ ነጩ ነጠላ ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ አረንጓዴው ይደበዝዛል። ያን ጊዜ በዓይን እየገመቱ ቀዩን መቀነስ፣ ማተም፣ አሁንም መቀነስ ይመጣል። በመጨረሻ አንዱ ፎቶ ይስተካከላል፤ ቀጣዩ ግን ከዜሮ ይጀመራል። ለዚህ ችግር ሙያው ያበጀው መፍትሔ በእንግሊዝኛ ከለር ፕሮፋይል ይባላል። በአማርኛ «የቀለም ጠባይ መግለጫ» እንበለው።

የቀለም ጠባይ መግለጫ አንድ መሣሪያ ቀለምን እንዴት እንደሚያሳይ ወይም እንደሚያትም በቁጥር የሚመዘግብ ትንሽ የኮምፒውተር ፋይል ነው። «ጠባይ» ያልነው እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ ዝንባሌ ስላለው ነው። ፋይሉ ፕሪንተሩን አይለውጠውም፤ ጠባዩን ለኮምፒውተሩ ያሳውቃል፣ ኮምፒውተሩም በዚያ ልክ አስቦ ያዝዘዋል።

ስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃን እያመነጨ ቀለም ይሠራል። ኢንክ ግን በወረቀቱ ላይ ካረፈው ብርሃን ከፊሉን ይውጣል፤ ለዓይናችን የሚደርሰው የተረፈው ነው። ለምሳሌ ኤፕሰን ኤል 805 በስድስት ኢንኮች ይሠራል፦ ጥቁር፣ ሲያን፣ ማጄንታ፣ ቢጫ፣ ፈዘዝ ያለ ሲያንና ፈዘዝ ያለ ማጄንታ። የፎቶው ፋይል የያዘው ደግሞ ቁጥር ብቻ ነው። ቀይ 190፣ አረንጓዴ 130፣ ሰማያዊ 95 የሚል ትእዛዝ በሁለት መሣሪያዎች ላይ ሁለት ዓይነት ቀለም ሊሰጥ ይችላል። የአንዱ ገበያ ቁና ከሌላው ገበያ ቁና ላይተካከል እንደሚችል ሁሉ፣ «190» በየመሣሪያው የተለያየ ነገር ነው። ቁናውን ወደ ኪሎ የሚመልስ ያስፈልጋል። በቀለም ዓለም ኪሎውን ያወጣው ዓለም አቀፉ የብርሃን ኮሚሽን ነው፤ የሰው ዓይን ቀለምን በሚያይበት መንገድ ላይ የተመሠረተውን መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1931 ደነገገ። የጠባይ መግለጫው የመሣሪያውን ቁጥር ከዚህ የጋራ መለኪያ ጋር ያገናኛል። እ.ኤ.አ. በ1993 አዶቢ፣ አፕል፣ ኮዳክና ማይክሮሶፍት ያሉባቸው ስምንት ኩባንያዎች ዓለም አቀፍ የቀለም ጥምረትን መሥርተው፣ ፋይሉ በየትኛውም ኮምፒውተር እንዲነበብ አንድ ቅርጽ አበጁለት።

የፕሪንተር መግለጫ የሚሠራው በልኬት ነው። በመጀመሪያ የፕሪንተሩ የቀለም ማስተካከያዎች ሁሉ ይጠፋሉ። ከዚያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ባለቀለም አራት ማዕዘኖች ያሉበት ገጽ ይታተማል። ገጹ በደንብ ከደረቀ በኋላ ስፔክትሮፎቶሜትር የተባለ መሣሪያ እያንዳንዱን ቀለም ይለካል፤ ሶፍትዌሩ የታዘዘውን ከወጣው ጋር አስተያይቶ ሰንጠረዥ ያዘጋጃል። እዚህ ላይ ሊሰመርበት የሚገባው፣ መግለጫው የፕሪንተሩ ብቻ ሳይሆን የፕሪንተር፣ የኢንክና የወረቀት ጥምረት መሆኑ ነው። አንጸባራቂው (ግሎሲ) ወረቀት በማያንጸባርቀው (ማት) ቢተካ፣ ወይም የሌላ ፋብሪካ ኢንክ ቢሞላ፣ የቀድሞው መግለጫ አይሠራም። የወረቀት አምራቾች በነፃ የሚሰጡት መግለጫም በሌላ ኢንክ ሲታተም የሚያሳስተው ለዚህ ነው።

በአጠቃቀም ረገድ ትልቁ ስሕተት ድርብ እርማት ነው። ፎቶሾፕ ቀለሙን በመግለጫው መሠረት ካስተካከለ በኋላ የፕሪንተሩ ሶፍትዌር ደግሞ በራሱ መንገድ ያስተካክለዋል፤ ፊት የሚቀላው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። ስለዚህ እርማቱ የአንዱ ብቻ ይሁን። ፎቶሾፕ እንዲያርም ከተመረጠ፣ በፕሪንተሩ በኩል «ኖ ከለር አጀስትመንት» የሚለው ይመረጣል።

መግለጫው የማይፈታቸውም ችግሮች አሉ። በሥራ መሃል መብራት ሲጠፋ የፕሪንተሩ ጭንቅላት ሳይከደን ይቀርና ኢንኩ ይደርቃል፤ የተደፈኑት የማጄንታ ቀዳዳዎች ቢሆኑ ፎቶው ሁሉ ወደ አረንጓዴ ያደላል። ስለዚህ ከማተም በፊት የቀዳዳ ፍተሻ ገጽ ይታያል፤ ፕሪንተሩም በራሱ ማጥፊያ እንጂ ሶኬት በመንቀል አይጠፋም። ስክሪኑ ከልክ በላይ ከበራም ትክክለኛው ኅትመት ጨለማ ይመስላል። ወረቀት የማይደርስበት ቀለምም አለ። የአደይ አበባ ቢጫ በኢንክ ጥሩ ሆኖ ይወጣል፤ በስክሪን የሚያበራ አረንጓዴ ግን፣ የጎጃም ገበሬ ቁምጣም ይሁን የክረምት ማሳ፣ በወረቀት ላይ በቅርብ አቻው ይተካል እንጂ እንዳለ አይገኝም።

የመልክ ጉዳይ ለብቻው መነሣት አለበት። ኮዳክ ለፎቶ ላቦራቶሪዎች ያከፋፍለው የነበረው «ሸርሊ ካርድ» የተባለ የማመሳከሪያ ፎቶ ለአሥርት ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበር፤ ጥቁር ቆዳ በዚያ ሚዛን ሲለካ ዝርዝሩ ይጠፋ ነበር። የጠባይ መግለጫ የሚሠራው በመሣሪያ ልኬት እንጂ በአንድ ሰው መልክ አይደለም። የመጨረሻው ፍተሻ ግን በእኛው መልክ ይሁን። ጠይም፣ ቀይ ዳማና ጥቁር ፊቶች፣ ነጭ ነጠላ፣ የቡሬ በርበሬና አደይ አበባ ያሉበት አንድ መፈተሻ ፎቶ ይዘጋጅ። ኅትመቱ በአምፖል ሳይሆን በር ላይ በቀን ብርሃን ይታይ፤ ዓለም አቀፉ የኅትመት መመልከቻ ደረጃም 5000 ኬልቪን፣ ማለትም ለቀን ብርሃን የቀረበ ብርሃን ነው።

መለኪያ መሣሪያው ለአንድ አነስተኛ ፎቶ ቤት ውድ ነው። ይሁን እንጂ የፍኖተ ሰላም፣ የቡሬና የደንበጫ ባለሙያዎች ተዋጥተው አንድ ቢገዙ፣ እያንዳንዱ የራሱን ፕሪንተር፣ ኢንክና ወረቀት በየተራ መለካት ይችላል። ከገጠር በገበያ ቀን መጥቶ ፎቶ የሚነሣ ቤተሰብ «ቀላ» ብሎ ለማሳረም የሚመለስበት ጊዜና ገንዘብ የለውም፤ የተሰጠውን ይሰቅላል። መልኩን በትክክል ማግኘት መብቱ ነው፤ ይህም በየፎቶው ከመገመት ይልቅ አንድ ጊዜ በደንብ በመለካት የሚገኝ ነው።