ዱካ ማስያዝ፦ ለ«ሪሊንክ» የሚሆን አማርኛ

«ዳግም ማገናኘት የሚያስፈልገው የጠፋ ምስል አለ።» በቪዲዮ ቅንብር ማስተማሪያዎች ውስጥ እንዲህ ዓይነት ዓረፍተ ነገር እየተለመደ ነው። ቃሎቹን አንድ በአንድ ብትመረምሯቸው ሁሉም አማርኛ ናቸው፤ ተሰብስበው ግን የሚሉት የላቸውም። ምን ጠፋ? ማን ከማን ጋር ነው የሚገናኘው? «ዳግም» የተባለውስ ለምንድን ነው? በሥራ ላይ ያለ ባለሙያ እንዲህ ሲናገር አይሰማም። እሱ «ፉቴጁ ሚሲንግ ብሏል፣ ሪሊንክ አድርገው» ብሎ ያልፋል። ከሁለቱ ምረጥ ብባል የባለሙያውን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ይገባል። ለመግባባት የማይረዳ አማርኛ የውሰት ቃልን ሊተካ አይችልም። ይሁን እንጂ ከሁለቱ የተሻለ ሦስተኛ መንገድ ያለ ይመስለኛል።

ነገሩን ኮምፒውተር ላይ ምስል ያቀናበረ ሁሉ ያውቀዋል። የምትሠሩበት የፕሮጀክት ፋይል ቪዲዮውን በውስጡ አይዝም፤ የሚይዘው ቪዲዮው የተቀመጠበትን አድራሻ ነው። ሃርድ ዲስኩ ትናንት «ኢ» ተብሎ ዛሬ «ኤፍ» ከተባለ፣ ፎልደሩ ስሙ ከተቀየረ ወይም ፋይሉ ወደ ሌላ ቦታ ከተዛወረ አድራሻው ባዶ ሜዳ ይሆናል። ከቅንብር ሶፍትዌሮቹ አፍተር ኢፌክትስ በቀረጻው ፈንታ ባለቀለም ዘንጎች ይደረድራል፤ የፋይሉንም ስም አዘንብሎ ይጽፈዋል። ፕሪሚየር ደግሞ ቀይ ሰሌዳ አውጥቶ ችግሩን በብዙ ቋንቋዎች ይናገራል። አማርኛ ከነዚያ ቋንቋዎች መካከል የለም፤ ስለዚህ ቃሉን ማበጀት የኛ ድርሻ ነው።

«ፉቴጅ» ከሚለው እንጀምር። እንግሊዝኛው የመጣው ከእግር ነው፤ እኛ «ጫማ» ከምንለው የርዝመት መለኪያ ማለት ነው። ፊልም በሴሉሎይድ ዘመን በጫማ ይለካ ነበር። በተለመደው የ35 ሚሊሜትር ፊልም አንድ ጫማ 16 ፍሬሞች ይይዛል፤ በሰከንድ 24 ፍሬም ሲሄድ የ1000 ጫማ ጥቅል 11 ደቂቃ ያህል ይቆያል። ዛሬ ጫማውም ጥቅሉም ቀርቶ ስሙ ብቻ ተርፏል። አማርኛው «ቀረጻ» ከዚህ ይሻላል። «ቀረጸ» ድንጋይና እንጨት ሲጠርብ የኖረ ግሥ ነው፤ ቅርጽ፣ ቅርጻ ቅርጽ፣ የእርሳስ መቅረጫ ሁሉ ከእሱ ወጡ። ቴፕ ሲመጣም «መቅረጸ ድምፅ» ብሎ ድምፅን ለማኖር በቅቷል። «ምስል» ግን ፎቶውንም፣ ሥዕሉንም፣ ስክሪን ላይ የሚታየውንም ሁሉ ስለሚጠቀልል በካሜራ ተነሥቶ የመጣውን ጥሬ ዕቃ ለብቻው አያሳይም። ስለዚህ በዚህኛው ላይ ክርክር የለኝም፤ ቀረጻ ይባል።

ከባዱ «ሚሲንግ» ነው፤ እንግሊዝኛው እዚህ ላይ ሰነፍ ቃል ነው፣ ሦስት የተለያዩ ጉዳቶችን በአንድ ስም ይጠራል። «የጠፋ ቀረጻ» ስንል ምን እንደሚሰማ አስቡት። «አጠፋ» በኮምፒውተር አማርኛ የ«ዲሊት» ትርጉም ሆኖ ገብቷል። ለዳይሬክተሩ ደውላችሁ «ቀረጻው ጠፍቷል» ብትሉት ሥራው ሁሉ እንደተደመሰሰ ነው የሚሰማው፤ የተለወጠው ግን የሃርድ ዲስኩ ፊደል ብቻ ነው። «የጎደለ ቀረጻ» የሚሉም አሉ። ጎደለ ግን ከሙሉ ላይ የተቀነሰን ነገር ይናገራል። በተከታታይ ቁጥር በተቀመጡ 240 ፍሬሞች መካከል 117ኛው ከሌለ እሱ በእውነት ጎድሏል። የቀይ ሰሌዳውን «ኦፍላይን» ቃል በቃል ተርጉመው «ከመስመር ውጭ» የሚሉትም አልታጡም፤ ስልክ የያዘ ሁሉ ይህን ሐረግ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስለሚያየው፣ ጀማሪው ተነሥቶ ዋይፋይ ሊፈትሽ ነው።

«ዳግም» ላይ ያለኝ ቅሬታ ከአንድ ቃል ያለፈ ነው። በእንግሊዝኛው ግሥ ፊት «ሪ» የሚለውን ትንሽ ቅጥያ ባዩ ቁጥር «ዳግም» መለጠፍ የትርጉም ሰዎች ልማድ ሆኗል። ዳግም ክብደት ያለው ቃል ነው፤ ዳግም ምጽአት ስንል ሁለተኛና ታላቅ ክስተት እንጠብቃለን። ፎልደር ስለተዛወረ ይህን ያህል ከባድ ቃል መጥራት ይበዛል። አማርኛ ለዚህ ጉዳይ የራሱ ዘዴ አለው፤ «መልሶ» ይላል። መልሶ ማቋቋም፣ መልሶ ግንባታ ሲባል ሰምቶ ግራ የተጋባ የለም።

«ማገናኘት» በበኩሉ ሁለት ወገን ይፈልጋል፤ ሰውን ከሰው፣ ስልክን ከስልክ። «ማያያዝ» ለኢሜይል አባሪ ተይዟል፤ ፋይሉን ፕሮጀክቱ ውስጥ የከተትነውም ያስመስላል። ከሁሉ የሚቀርበው «ማጣቀስ» ነው፤ ፕሮጀክቱ ፋይሉን በእርግጥም ያጣቅሳልና። ግን ማጣቀስ የመጽሐፍ ሰው ቃል ነው፤ ሌሊቱን ሥራ ለማድረስ የሚሮጥ አቀናባሪ አፍ ላይ አይገባም።

እኔ «ዱካ» እላለሁ። የጠፋ በሬ የሚፈልግ ገበሬ በሬው ሞተ ብሎ አይነሣም፤ ዱካውን ይፈልጋል፣ ዱካው ከተያዘ በሬው ይገኛል። ሶፍትዌሩም ያጣው ቀረጻውን ሳይሆን ወደ ቀረጻው የሚያደርሰውን ዱካ ነው። ስለዚህ ፋይሉ ሳይደመሰስ አድራሻው ብቻ ሲለወጥ «ዱካው የጠፋ ቀረጻ» ይባል፤ መፍትሔው ደግሞ «ዱካ ማስያዝ»። አሠራሩን አዲስ አልፈጠርኩትም፤ መንገድ ማስያዝ፣ መስመር ማስያዝ፣ መልክ ማስያዝ ስንል ኖረናል። «አስያዘ» የሚለው ግሥም ሥራውን በትክክል ይከፋፍላል፤ ሰውየው ያስይዛል፣ ዱካውን ይዞ የሚሄደው ሶፍትዌሩ ነው። አፍተር ኢፌክትስ ላይ አንዱን ፋይል ስታሳዩት በዚያው ፎልደር ያሉትን ሌሎቹን በራሱ የሚያገኘው እንዲህ ነው። ማጥበቅ ለሚፈልግ «ዱካ መልሶ ማስያዝ» አለለት።

ተቃውሞ እንደሚኖር አውቃለሁ። ዱካ በርጩማም ነው ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ሃርድ ዲስክ ላይ የሚቀመጥ የለም። ማስያዣ የባንክ ቃል ነው የሚልም ይነሣል፤ ቀጠሮ ማስያዝም አለ፣ ቋንቋው ሁለቱንም ሳይምታታበት ተሸክሟል። ዱካ የእግር አሻራ መሆኑ ለዲጂታል ሥራ አይመጥንም ለሚል ግን መልሴ አጭር ነው፦ እንግሊዝኛውም ከእግር ነው የተነሣው፣ ማንም አላፈረበትም።

ቃሉ ሥራ ላይ ሲውል ነው የሚፈተነው። አንዳንድ ካሜራዎች ቁጥራቸውን ሁልጊዜ ከ«ሲ 0001» ይጀምራሉ፤ ሠርግ በሁለት ካሜራ ከተቀረጸ ያው ስም ያላቸው ሁለት ፋይሎች ይገኛሉ። ሶፍትዌሩ በስም ብቻ ከፈለገ የሙሽራውን ቤት በሙሽሪት ቤት ሊተካው ይችላል፤ ይህን «የተሳሳተ ዱካ ያዘ» ብንለው ማን አይገባውም? የኛ ፊደልም የራሱ ወጥመድ አለው። «ሠርግ» ተብሎ የተቀመጠን ፋይል ሌላ ሰው «ሰርግ» ብሎ ቢያስተካክለው ለጆሮ አንድ ነው፤ ለኮምፒውተር ግን ሌላ ስም ነውና ዱካው ይጠፋል። ፀሐይና ጸሐይ፣ ዓለምና አለም እንዲሁ ናቸው። ስለዚህ ሥራ ከጀመራችሁ በኋላ የፋይል ስም አትንኩ፤ ፕሮጀክቱን ለሌላ ሰው ስታስረክቡም ቀረጻውን ሁሉ ከፕሮጀክቱ ጋር በአንድ ፎልደር ሰብስቡት።

አማርኛ ለቴክኖሎጂ ጠባብ ነው የሚባለው ብዙ ጊዜ ቋንቋውን ሳይጠይቁ ነው። «ድረ ገጽ» የተወደደው አጭር ስለሆነና ድርንም ገጽንም ሁላችን ስለምናውቃቸው ነው። እንግሊዝኛ «ሚሲንግ» ብሎ የደፈነውን አማርኛ በሦስት ይለየዋል፦ የተደመሰሰው ጠፋ፣ ከተራው የታጣው ጎደለ፣ ቦታ የለወጠው ደግሞ ዱካው ጠፋ። ለሚያስተምሩና መመሪያ ለሚጽፉ የማቀርበው ልመና ይህ ነው፦ ሦስቱን አትደባልቁ። «ዱካ ማስያዝ» ካልጣማችሁ የተሻለ አምጡ፤ እስኪመጣ ግን «ሪሊንክ» ማለት «ዳግም ማገናኘት» ከማለት ይሻላል።