የሰይጣን ዓይን ከብራና እስከ ሲኒማ

ኮን ላይ ከመሸ በኋላ ከገደሉ በኩል ጅብ ሲጮህ ልጅ ሁሉ ወደ እሳቱ ይጠጋል። ጅቡን ያየው የለም። «ጅቡ እኮ ጅብ ብቻ ላይሆን ይችላል» የሚለውን ሹክሹክታ ግን ሁላችንም ሰምተናል። ላሊበላ የወረድንም የሲኦል ምሳሌ የሚባለውን ጨለማ ዋሻ ግድግዳውን እየዳሰስን አልፈናል። እንግዲህ እኛ የዋድላና የላስታ ልጆች አስፈሪ ፊልም ከማየታችን በፊት የፊልሙን የመጀመሪያ ሕግ እናውቅ ነበር ማለት ነው፤ ከታየው ይልቅ ያልታየው ያስፈራል።

ሲኒማ ግን ይህን ሕግ ለመማር ጊዜ ፈጅቶበታል። ፈረንሳዊው ጆርጅ ሜልየስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1896፣ ማለት ዓድዋ ላይ በተዋጋንበት ዓመት፣ ስለ ዲያብሎስ አጭር ፊልም ሠራ። የሌሊት ወፍ እየበረረች ትገባና በድንገት ዲያብሎስ ሆና ትቆማለች። ዘዴው ቀላል ነው፤ ካሜራውን ማቆም፣ ወፏን አንስቶ ተዋናዩን መተካት፣ ከዚያ ማንሳቱን መቀጠል። ዲያብሎሱ ቁልጭ ብሎ ስለሚታይ ግን ከማስፈራቱ ማሳቁ ይብሳል። በ1922 ጀርመናዊው ሙርናው በ«ኖስፌራቱ» ፊልሙ ደም መጣጩን ትቶ ጥላው ብቻ ደረጃ ሲወጣ አሳየ። በ1963 ደግሞ ሮበርት ዋይዝ «ዘ ሆንቲንግ» በተባለው ፊልሙ ጥላውንም አስቀረው፤ በር ይደበደባል፣ ሳንቃው ወደ ውስጥ ያብጣል፣ መንፈሱ ግን አይታይም።

አሁን ወደ አገራችን ሥዕል እንመለስ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ወግ ቅዱሳን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ። ሰይጣን፣ ይሁዳና የክፉ ወገን የሆነ ሁሉ በጎን፣ ባንድ ዓይን። የክፉው ዓይን ከተመልካቹ ዓይን እንዳይገጥም ነው ይባላል። ሠዓሊው ለተመልካቹ ከለላ ሠርቶለታል ማለት ነው። በክታብ ብራና ላይ ግን ደብተራው ሌላ መንገድ ይዟል። ብራናው በታማሚው ቁመት ይለካል፤ ትልልቅ ዓይኖችም ይሣሉበታል። በእምነቱ መሠረት በታማሚው ያደረው ጋኔን የሚያየው በታማሚው ዓይን ነው፤ ከተሣለው ዓይን ጋር ሲፋጠጥ ደንግጦ ይወጣል።

ልብ በሉ፤ ጋኔን በሰው ዓይን ያያል! ሲኒማ ነገሩን ገለበጠውና ሰው በጋኔን ዓይን እንዲያይ አደረገ። በ1981 ሳም ሬይሚ በሠራው «ዘ ኢቭል ዴድ» ካሜራው መሬት ለመሬት ጫካውን እየሰነጠቀ ወደ ጎጆው ይሮጣል። ክፉው መንፈስ አይታይም፤ ካሜራው ራሱ እሱ ነዋ! የእኛ ሠዓሊ እንዳንገጥመው የከለለንን ዓይን ሲኒማ አውጥቶ እኛው ላይ ተከለው። አዲስ አበባ ውስጥ ከቀደሙት ሲኒማ ቤቶች አንዱን ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ማለቱን ስንሰማ ስቀናል። ነገሩን በዚህ በኩል ስናየው ግን ስያሜው ብዙም አያስቅም።

ይህን ሁሉ ያነሣነው ለቴክኒክ ብቻ አይደለም። «ጅቡ ጅብ ብቻ አይደለም» ሲባል ጣት የሚቀሰረው ወደ ማን ነበር? ወደ ቀጥቃጩ፣ ወደ ሸክላ ሠሪዋ። ቡዳ ተብለው የታሙት ማረሻችንን የሚሠሩልን፣ ድስታችንን የሚያበጁልን ሰዎች ናቸው። በሐሜታችን ውስጥ በጎን፣ ባንድ ዓይን የሣልናቸው እነሱን ነው።

ነገ ከመካከላችን ካሜራ የሚይዝ ቢነሣ በጥላውም፣ በጨለማውም፣ በሩጫውም ይጠቀም፤ አንቃወምም። ሸክላ ሠሪዋን በጎን አቁሞ አይኗን ቢያስፈራብን ግን የሠራው አሮጌውን ሐሜት ነው። ይልቅስ ካሜራውን በሌሊት ወደ ጎጆዋ ያስሩጠው፤ እሷም ከውስጥ ሆና ኮቴውን ትስማ። ያ የሚሮጠው ዓይን የእኛ መሆኑ የገባን ለታ ከጅቡ ይበልጥ እንደነግጣለን።