የአድሬናል ዕጢና የደም ግፊት፦ ከላሊበላ የሚጻፍ ሪፈር ምን ይያዝ?

የደም ግፊት ካለባቸው 100 ሰዎች ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ግፊታቸው የሚነሣው ከኩላሊት አናት ላይ ያለው የአድሬናል ዕጢ አልዶስቴሮን አብዝቶ ስለሚያመነጭ ነው። ሦስት ዓይነት መድኃኒት እየወሰዱ ግፊታቸው አልወርድ ባለ ሕሙማን ላይ ግምቱ ወደ 20 በመቶ ይጠጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ 16 በመቶ ያህል ኢትዮጵያውያን ግፊታቸው ከፍ ብሎ ስለተገኘ፣ ነገሩ ለላስታ ደጋም ሩቅ አይደለም። ይሁንና ሲቲ ስካን የምርመራው መጀመሪያ መሆን የለበትም።

ጤነኛ አድሬናል በሲቲ ምስል ላይ «ለ» ፊደልን ይመስላል፤ ክንዶቹ ቀጫጭን ናቸው። አንዱ ክንድ ላይ እብጠት ከታየ፣ የራዲዮሎጂ ባለሙያው ኮንትራስት ሳይሰጥ በተነሣው ምስል ላይ እብጠቱ መሐል ትንሽ ክብ ያሳርፍና ቁጥሩን ያነባል። ከ10 ሃውንስፊልድ ዩኒት በታች ከሆነ ስብ የበዛበት ደኅነኛ አዴኖማ ነው፤ ፊዮክሮሞሳይቶማ (አድሬናሊን መሰል ሆርሞን የሚያመነጭ እብጠት) የመሆን ዕድሉም እጅግ ጠባብ ነው። ቁጥሩ ግን የእብጠቱን ሥሪት እንጂ ሥራውን አይነግረንም። ዕድሜ ሲገፋ ሆርሞን የማያመነጭ እብጠት በብዙ ሰው አድሬናል ላይ ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ፣ 950 ሕሙማንን ያካተተ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው፣ የሲቲና የኤምአርአይ ውጤት ከአድሬናል ደም ሥር ከተቀዳው ናሙና ጋር 38 በመቶ በሚሆኑት ላይ አልተስማማም። በምስሉ ብቻ ተመርቶ ቀዶ ጥገና የገባ ሐኪም ጤነኛውን ዕጢ አውጥቶ በሽተኛውን ሊተው ይችላል ማለት ነው። ዕድሜያቸው ከ35 ዓመት በታች ሆኖ በሽታው ጎልቶ በታየባቸውና እብጠቱ በአንድ ወገን ብቻ ባለባቸው ላይ ግን ሲቲው ብቻውን ሊታመን ይችላል።

አልትራሳውንድስ? አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር የሆነውን አዴኖማ፣ በተለይ በግራ በኩል ያለውን፣ በቀላሉ ይስተዋል። ተለቅ ያለ ፊዮክሮሞሳይቶማን ግን ሊያሳይ ይችላል፤ የኩላሊትን መጠንም ይነግረናል። ስለዚህ «አልትራሳውንዱ ነጻ ነው» የሚል ወረቀት አድሬናልን ነጻ አያወጣም።

ለሲቲ ሪፈር የተጻፈለት የላስታ ገበሬ በጋሸና በኩል ወደ ደሴ ወይም ወደ ባሕር ዳር ይጓዛል፤ የመኪናው፣ የማደሪያውና የአስታማሚው ወጪ ከራሱ ኪስ ነው። ከመንገዱ በፊት የሚሠራው ሥራ ርካሽ ነው፦ ታካሚውን አሳርፎ ግፊቱን ደጋግሞ መለካት፣ መድኃኒቱን በትክክል መውሰዱን ማጣራት፣ ፖታሲየም ማየት። ፖታሲየሙ ዝቅ ቢል ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ይወስድ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል፤ ይህ መድኃኒት ራሱ ፖታሲየም ያወርዳልና። ፖታሲየሙ ደኅና መሆኑም በሽታው የለም አያሰኝም፤ ብዙዎቹ የኮን ሲንድሮም፣ ማለትም አልዶስቴሮን የሚበዛበት በሽታ፣ ሕሙማን ፖታሲየማቸው ጤነኛ ነው። የአልዶስቴሮንና የሬኒን ናሙና ወደሚሠራበት ላቦራቶሪ መላክ ከታካሚው ጉዞ መቅደም አለበት።

በድንገት ራሱን የሚያመው፣ ልቡ በኃይል የሚመታና የሚያልበው ሰው ጉዳይ ይለያል። እዚህ ፊዮክሮሞሳይቶማ መጠርጠር አለበት፤ ሜታኔፍሪን በደም ወይም በሽንት ተመርምሮ ሲረጋገጥ ነው ምስል የሚፈለገው። አልፋ ብሎከር ሳይቀድም ቤታ ብሎከር መጀመር ግፊቱን በአደገኛ ሁኔታ ሊያሻቅበው ይችላል።

ስለዚህ ሪፈር የምትጽፉ ባልደረቦች፣ «ለሲቲ» ብላችሁ አታብቁ፦ የግፊቱን ልኬቶች፣ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች፣ የፖታሲየሙን ውጤትና የጠረጠራችሁትን ሆርሞን ጻፉ።