የሞተር ሳይክል ረጅም ጉዞ በተለዋዋጭ አየር

ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሞተር ሳይክል ለሚጓዝ ሰው አየሩ የሚለዋወጠው በወቅት ብቻ ሳይሆን በከፍታም ጭምር ነው። ወደ ዓባይ በረሃ የሚወስደው ቁልቁለት የሚጀምርባት ጎሐ ጽዮን 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ፣ የዓባይ ድልድይ ያለው 1100 ሜትር አካባቢ ነው። ሙቀት በየ1000 ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚለያይ፣ ለደጋው ብርድ የተለበሰ ወፍራም ካፖርት ዓባይ በረሃ ውስጥ ለባሹን በላብ ያጠምቃል፤ ላብ የጠጣው ሸሚዝ ደግሞ ከድልድዩ ማዶ ወዳለችው ደጀን ሲወጣ ከነፋሱ ጋር ተባብሮ ገላን ያቀዘቅዛል። ስለዚህ የሚሻለው ስስ ልብሶችን ደራርቦ መልበስና ቁልቁለቱ ሳይጀመር መቀነስ ነው። ዝናብ የማያስገባ ልብስ ብቻውን ይበቃል የሚሉ አሉ፤ በክረምት ግድ መሆኑ እውነት ነው፣ ተራው ላስቲክ ግን ላብንም አያስወጣም። እየቆሙ ልብስ መቀየር ጊዜ ይፈጃል የሚለው መከራከሪያም አያሳምንም፤ በብርድ የደነዘዘ ጣት የፍሬኑን እጀታ ዘግይቶ ይጨብጣል፣ በእርጥብ አስፋልት ላይ ደግሞ ሞተሩ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ከደረቁ ይረዝማል።